«ሰው ማዕበል» የታየበት እሑድ

ሐጂ ሳዲቅ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው አንድም ቀን ፊልም ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ያን እሑድ የቀትሩን ሰላት ዙህርን ሰግደው፣ ነጩን ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን አንሥተው «በይ እንሂድ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍብን» ሲሏት፣ ልጃቸው ሰሚሐ ደስ ይበላት ወይስ ትፍራ ግራ ገባት። ባጃጅ ልጥራ ብትላቸው እንቢ አሉ። ከሱቃቸው እስከ አዳራሹ ድረስ በባሕር ዳር ዘንባባ ጥላ ሥር ቀስ እያሉ፣ ሰላም ላላቸው ሁሉ እየቆሙ ሄዱ። አንድ የገበያ ወዳጃቸው «ሐጂ፣ ወዴት ነው እንዲህ አምሮብዎ?» ቢሏቸው፣

«ልጄን ለማየት» አሉ።

ሰሚሐ አንገቷን ደፋች። አባቷ የሟቹን ልጃቸውን ስም ከአፋቸው ካወጡት አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ሰላሁዲን ታላቅ ወንድሟ ነው። ጣና ላይ ሞተር ጀልባ ይነዳ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ ከዘጌ ስምንት ሰው አሳፍሮ ሲመለስ ድንገት ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዋን ገለበጣት። የራሱን የመንሳፈፊያ ጃኬት ለአንዲት ነፍሰ ጡር አለበሰና ሰዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ከሐይቁ ዳር ወደበቀለው ደንገል አደረሳቸው። ሰባቱን አወጣ። ስምንተኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሊያመጣቸው ተመለሰ። ሁለቱም ቀሩ። አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ተገኝቶ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ሐጂ ሳዲቅ በሐይቁ በኩል ያለውን የሱቃቸውን መስኮት በጣውላ አስመቱት፤ የልጃቸውንም ስም ዳግም አልጠሩም። እናትየዋም የባላቸውን ዝምታ ተከትለው ዝም አሉ።

ሰሚሐ ግን ዝም ማለት አልሆነላትም። የምትነግረው ሰው ፈለገች። ያገኘችው ደግሞ ልትወደው የማይገባት ሰው ሆነ።

ኃይለ ገብርኤል የዘጌው የመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። የአባቱን ወንበር ይወርሳል ተብሎ ሲጠበቅ ካሜራ ይዞ ከተማ የገባ፣ አባቱ ስለ እሱ ሲጠየቁ «አለ» ብቻ ብለው የሚያልፉት ልጅ። ከሁለት ዓመት በፊት ለቀረጻ ገመድ ሊገዛ ሐጂ ሳዲቅ ሱቅ ገባ። መረብና ናይለን ገመድ የምትሸጠው ሰሚሐ ነበረች።

«ስንት ክንድ ልቁረጥልህ?» አለችው።

«እጅሽ እስኪደክም» አላት። ወዲያው በገዛ ድፍረቱ ደንግጦ አቀረቀረ። ሰሚሐ መቀሷን ይዛ ቆማ ቀረች፤ ስንት ክንድ እንደለካች ያን ቀን አላወቀችም።

ኢንተርኔቱ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ በወረቀት መጻጻፍ ጀመሩ። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አጠገብ ቤት ተከራይታ የምትኖረው ጓደኛዋ ማኅሌት ታመላልስላቸው ነበር። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም ወረቀቱን አልተዉትም። «ስለ ወንድምሽ ጻፊልኝ» አላት አንድ ቀን። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈችለት። ሰላሁዲን ሞተሩን ሲያስነሣ የሚያፏጨውን፣ የጣና ልጅ ሆኖ ዓሣ እንደማይበላ፣ ሊያገባት ያሰባትን የወረታ ልጅ ስም፣ «ውሃ ማንንም አይጠላም፤ የናቀውን ግን አይምርም» የሚለውን አባባሉን። በመጨረሻም ያን የሐምሌ ቀን ጻፈችለት፤ ከዳኑት ሰዎች አንድ በአንድ ጠይቃ የሰበሰበችውን፣ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን።

የእሱ መልስ አጭር ነበር። «ፊልም አደርገዋለሁ። አባትሽ ልጃቸውን እኔ ዘንድ በክብር ተቀምጦ ካገኙት፣ እኔን ለማባረር አፋቸው አይፈታም።»

ፊልሙ ማለቁን በሰማች ሰሞን ሰሚሐ አባቷ ፊት ተቀምጣ ሁሉንም ተናገረች፤ ልጁ የመሪጌታ ልጅ መሆኑንም ጭምር። ጥፊ ስትጠብቅ ሐጂ ሳዲቅ መቁጠሪያቸውን አነሡ።

«ስለ ወንድምሽ ምን ያውቃል?»

«እኔ የማውቀውን ሁሉ ያውቃል፣ አባ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ሥራውን ልየው» አሉ። «ልጄን እንዴት አድርጎ እንደያዘው ካየሁ፣ አንችን እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ቤት ይምጣና እንነጋገራለን።»

ሰሚሐ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ከደስታ ብዛት ነው።

አዳራሹ በር ላይ የተሰቀለውን ፖስተር ስታይ ሌላ ፊልም የሚታይበት ቤት የመጡ መሰላት። ቀይ ካባ የደረበ፣ ፊቱን በጭምብል የሸፈነ፣ ጡንቻው ልብሱን ሊቀድ የደረሰ ሰው በመብረቅ መካከል ቆሟል። ከበላዩ «ሰው ማዕበል» ይላል። ከበታቹ የኃይለ ገብርኤል ስም አለ።

እሱ በሩ ላይ ነበር። የእሱ የማይመስል ሰፊ ኮት ለብሷል። ለሐጂ ሳዲቅ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው። ሰሚሐ ዓይኑን ፈለገችው፤ ዓይኑ ግን ፖስተሩን፣ ሰዉን፣ የገዛ ጫማውን እያየ ከእሷ ይሸሻል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይን ሲነጋገሩ ኖረው፣ ያን ቀን መጀመሪያ ጊዜ ዘጋባት። የፊልሙ አሠሪ፣ ገንዘቡን ያወጣው ገድሉ የሚባል ደልደል ያለ ሰው ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዞ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሰሚሐ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ መብራቱ ጠፋ።

ፊልሙ ላይ «ሳላ» የሚባል ጎረምሳ አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ የኤሌክትሪክ አደጋ ደርሶበት ኃይል ያገኛል። ቀይ ካባ ይሰፋል። ከሰገነት ይዘልና በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጡጫውን መሬት ላይ አሳርፎ ቀና ይላል። ሰማዩ ይቀደድና ከቀዳዳው ሰማያዊ ብርሃን ይወርዳል፤ በብርሃኑ ውስጥ ክፉው ይመጣል። ባሕር ዳር ኖሯት የማያውቅ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ይፈርሳል። ኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች መጀመሪያ በፉጨት ተቀበሉት፤ ቀጥሎ ዝም አሉ፤ በመጨረሻ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚል አስቀድመው እየጮኹ ይናገሩ ጀመር። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

«ይሄን'ኮ ሃምሳ ጊዜ አይተነዋል!» አለ አንዱ። «ካባውን እንኳ ቀለሙን ለውጡልን!»

ሐጂ ሳዲቅ ወደ ሰሚሐ ዘንበል ብለው፣ «ሰላሁዲን መቼ ነው የሚመጣው?» አሏት በሹክሹክታ።

ሰሚሐ ምን ትበላቸው? «ይመጣል፣ አባ» አለች።

ከዚያ ጎረምሳው ከሰማይ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ሽቦው በግልጥ እየታየ፣ «ውሃ ማንንም አይጠላም፤ የናቀውን ግን አይምርም» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰሚሐ ልብሷን በሕዝብ ፊት የገፈፏት መሰላት። ሐጂ ሳዲቅ አልሳቁም፤ አባባሉን አውቀውታል። ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ።

ወደ መጨረሻው ላይ ግን ጫጫታው በረደ። ጣና ወጣ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ለጥቂት ደቂቃ ካባም መብረቅም የለም፤ ውሃና ሰው ብቻ። ልጁ ጃኬቱን ለነፍሰ ጡሯ አለበሳት። አንዷን ጎትቶ ወደ ደንገሉ። ተመለሰ። ሌላውን ጎትቶ ወደ ደንገሉ። ሰሚሐ ከጎኗ የአባቷን ድምፅ ሰማች። እየቆጠሩ ነው።

«ሦስት… አራት… አምስት…»

ሰባተኛው ሲደርስ ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ውሃውን አየ። ሐጂ ሳዲቅ ሳያውቁት ከወንበራቸው ተነሡ።

«አትመለስ» አሉ። «አንተ ልጅ፣ አትመለስ።»

ልጁ ተመለሰ። ሰጠመ። ውሃው ተከደነ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሐጂ ሳዲቅ እንደቆሙ አለቀሱ፤ አራት ዓመት ያላለቀሱትን። ሰሚሐ እጃቸውን ያዘች። ፊልሙ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ አምላክ ምስክሯ ነው፣ ያለፈውን ሁሉ ይቅር ባለች ነበር።

አልቆመም። ከውሃው ሥር ሰማያዊ ብርሃን በራ። ከበሮ ተደለቀ። ጎረምሳው ካባውን አንሳፍፎ ከሐይቁ ተተኩሶ ወጣ፤ ሽማግሌውን በአንድ እጁ ይዞ በከተማው ላይ በረረና ወደ ተመልካቹ ዓይኑን ጠቀሰ።

«ካባው እንኳ አልረጠበም!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። አዳራሹ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሐጂ ሳዲቅ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል ብቻቸውን ቆመው ነበር። እንባቸው ገና አልደረቀም።

ደረጃው ላይ ኃይለ ገብርኤል ሮጦ ደረሰባቸው። ላቡ በኮቱ ላይ ወጥቷል።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ…»

«ለምኑ ነው ይቅርታው፣ ልጄ? ደክመሃል፤ አላህ ይስጥህ» አሉት በጨዋ ደንብ። ሰሚሐ ቢቆጡ ይሻል እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የእኔ ልጅ አልወጣም። ያ የወጣው የማን ልጅ ነው?»

መልስ አልጠበቁም። ከዘራቸውን እያስቀደሙ ወረዱ።

ሰሚሐ ቀረች። «ምን አደረግህ?» አለችው። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ገድሉ ነው» አለ ፊቱን አዙሮ። «ካባውን እሱ፣ ፎቁን እሱ። ሰው የሚወደው የውጭውን የመሰለ ነው እያለ፣ የጻፍሁትን ገጽ በገጽ አስቀየረኝ።»

«መጨረሻውንስ?»

የኮቱን ቁልፍ ይቆልፍ ጀመር።

«ኃይለ፣ መጨረሻውንስ?»

«መጨረሻውንም እሱ ነው።»

አመነችው። ማመን ፈለገች፤ ስለዚህ አመነችው። «ደብዳቤዎቼን ላክልኝ» ብቻ አለችና አባቷን ተከትላ ሄደች። ልቧ ግን እዚያ ደረጃ ላይ፣ በዚያ ሰፊ ኮት ውስጥ ከጠበበው ልጅ ጋር ቀርቶ ነበር።

ማኅሌት በማግሥቱ ደብዳቤዎቹን አመጣች። «ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ይመስላል» ብላ ሰጠቻትና ወጣች። ሰሚሐ ከሱቁ ጀርባ በመረቡ ክምር ላይ ተቀምጣ ፈታቻቸው። ከቦታ ቦታ የገድሉ ይሆናል ያለችው ወፍራም ቀይ ጽሕፈት አለ። «እዚህ ላይ ይብረር»፣ «ዓሣ የማይበላው ለምንድን ነው? ይቅር»፣ «ፉጨቱ ይውጣ»። አንዷን ባነበበች ቁጥር ገድሉን ጠላችው፤ ገድሉን በጠላችው መጠን ኃይለ ገብርኤል ንጹሕ ሆኖ ታያት።

አሥራ አንደኛውን ከፈተች። የሐምሌውን ቀን። ቀይ ጽሕፈት የለበትም። ዳር ላይ በቀጭን እርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ አለ። ጽሕፈቱን ከሺህ ትለየዋለች፤ እያንዳንዱን ፊደል አባቱ በብዕር እንዳስተማሩት ቀጥ አድርጎ የሚያቆም እጅ ነው።

«እዚህ ላይ አይሞትም። ይነሣል።»

ሥሩ ቀን አለበት። ደብዳቤው በደረሰው ሳምንት የተጻፈ ነው። ያን ጊዜ ገድሉ የሚባል ሰው ገና አልመጣም፤ ኃይለ ገብርኤል አሠሪ አገኘሁ ብሎ የጻፈላት ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰላት ሰግደው ሐጂ ሳዲቅ ወደ ሱቁ ብቅ አሉ። ከአዳራሹ ከወጡ ወዲህ ስለ ፊልሙ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር።

«ያ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?» አሏት።

«የቱ ልጅ፣ አባ?»

«የመሪጌታው ልጅ ነዋ። ይምጣ ብያለሁ። ሥራውን አልወደድሁትም፤ ቃሌን ግን አልበላም። መጥቶ ያለውን ይበል፤ እሰማዋለሁ።»

ሰሚሐ ደብዳቤውን ከመረቡ ሥር ሸሸገችው። የሁለት ዓመት ዱዓዋ የተሰማው ያን ጊዜ፣ በዚያ ሰዓት ነበር። የተሰማ ዱዓ መዓት ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም።

በነጋው ጠዋት ከጀልባዎቹ መቆሚያ አለፍ ብሎ ካለው ዋርካ ሥር ተገናኙ። ጣና ረግቶ ነበር፤ አንድ ታንኳ ከደንገሉ መሐል ወጥታ ሩቅ ትሄዳለች። ኃይለ ገብርኤል ከሩቅ ሲያያት ፈገግ ሊል ሞከረ። ወረቀቱን ሰጠችው። አየውና ፈገግታው ሞተ።

«ጽሕፈቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ ስለምን ዋሸኸኝ?»

ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ተናገረ። «ይህ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ግማሹ አይነበብም ነበር፤ በእንባሽ ቀለሙ ፈስሶ። ሦስት ቀን ይዤው ዋልሁ። ምን ላድርግላት አልሁ። ልብስ አልገዛላት፣ ቤቷ ሄጄ አላስተዛዝናት፣ ወንድሟን አልመልስላት። ከዚያ… በፊልም ልመልስላት አልሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ከውሃው ሲወጣ ትየው አልሁ። ሰሚሐ፣ ሌላውን ሁሉ ገድሉ ቀይሮታል፤ ይህችን ግን ላንች ብየ ነበር። ላንች ብቻ።»

ሰሚሐ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ልትጮህበት ነበር የመጣችው። በሕይወቷ እንዲህ አድርጎ የወደዳት ሰው የለም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። እጇን ብትዘረጋ ትደርስበት ነበር።

«ይህን እሑድ ዕለት ደረጃው ላይ ብትነግረኝ ኖሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «አባቴን እዚያው ጠርቼ ‹አባ፣ ላለቀስሁት እንባ ያደረገው ነው› እላቸው ነበር። ምን ያህል ሞኝነት ቢሆን እኮራብህ ነበር።»

«ሰዉ እየሳቀ ነበር» አለ። «ሆዱን ይዞ እየሳቀ። አፈርሁ።»

«አየህ? እኔን የገደለኝ እሱ ነው። ለእኔ ብለህ የሠራኸውን፣ ሰው ሲስቅበት የገድሉ ነው አልህ።»

«ሰሚሐ…»

«ልጨርስ። ነገ ዘጌ ትወስደኛለህ። አባትህ ፊት፣ ካህናቱ ፊት፣ ዘመዶችህ ፊት ታቆመኛለህ። ‹የመሪጌታ ልጅ የሐጂ ልጅ ይዞ መጣ› ብለው ይስቁብሃል፤ መቼም ይስቃሉ። ያን ቀን እኔን የማን ናት ትላለህ?»

ሰሚሐ ጠበቀችው፤ ከልቧ ጠበቀችው። አንድ ቃል፣ ማንኛውም ቃል ይበቃት ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን መልሶ መላልሶ አጠፈው።

«እንደገና እሠራዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያለ ካባ፣ ያለ ገድሉ። ልክ እንደጻፍሽው።»

«አትሥራው። ይበቃዋል፤ ይረፍ።»

ተንበርክኮ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ። አስለቀቀችው፤ በቁጣ አይደለም፣ ከእሾህ ላይ እንደሚያላቅቁ ቀስ ብላ ነው። አሥር እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ሲያለቅስ ሰማችው። ዞር ብትል እንደምትመለስ ስላወቀች አልዞረችም፤ ገላዋ ግን በየእርምጃው ወደ ኋላ ይጎትታት ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ከአባቷ ጋር ገበታ ቀረበች። አባቷ አንድ ሁለቴ ጎረሱና ተዉት።

«አይመጣም፣ አባ» አለች ሳትጠየቅ።

ለምን ብለው አልጠየቋትም። ፊቷን አይተው ገበታውን ራቅ አደረጉት።

«ሰላሁዲን ውሃ ይፈራ ነበር» አሉ ድንገት።

ሰሚሐ ቀና አለች።

«አንች ትንሽ ነበርሽ፣ አታስታውሽም። እስከ ዐሥር ዓመቱ ድረስ ከጣና ዳር ስወስደው እግሬን ይዞ ያለቅሳል። የባሕር ዳር ልጅ ሆኖ ውሃ ይፈራል ብለው የሳቁብኝ ጊዜ፣ አንድ ቀን አንሥቼ ከጀልባ ላይ ወረወርሁት። እየጮኸ ዋኘ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አይንገር እንጂ መፍራቱን አልተወም፤ እኔ አባቱ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ያ ፊልሙ ላይ ያለው ልጅ ምንም አይፈራም። የእኔ ልጅ ስምንት ጊዜ እየፈራ ነው የገባው። ስምንተኛውንም እየፈራ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ሰሚሐ ሄዳ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠችና ጉልበታቸውን አቀፈች። የወንድሟ ይንቀጠቀጥ የነበረው እጅ ታያት፤ ከዚህ በፊት እንደዚያን ቀን አድርጋ ወዳው አታውቅም። ይህን ልጽፍለት ይገባል አለች በልቧ፤ ኃይለ ቢሰማ፣ ኃይለ ይህን ቢያውቅ ምን ይል ይሆን ብላ ስሙን እስክትጨርሰው ድረስ መለያየታቸውን ረስታ ነበር። ከዚያ ትዝ አላት። የአባቷ ጉልበት ላይ ግንባሯን ደፋች፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳትለየው አለቀሰች።